ከእትዬ ጦይባ አጥር ጀርባ

ጋሽ ሙሄ ሲደውሉልኝ ደሴ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ጋሽ ሙሄ መካነ ሰላም ሳለሁ የሰፈራችን የቅሬ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ቅሬ እዚያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን በጋራ የሚያነሳበት የጎረቤት ማኅበር ነው። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ልጆችን፣ ጤናን፣ ዝናቡን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። የዚያን ቀን ግን «እመቤት፣ አብሽሪ» ብለው በማጽናናት ጀመሩ። ሌላውን ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«ጦይባ ወደ አኼራ ሄደች። ዛሬ ጧት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን፤ አንቺ አትደርሺም። ከሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ አልደረስኩም። በዚያ መንገድ መካነ ሰላም ለመግባት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን ማረም ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳየው የአንዱን ተማሪ ወረቀት ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ።

እትዬ ጦይባ ዘመዴ አልነበሩም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ከደጎሎ ተዛውሬ ስመጣ ልጄ ሶስና የአራት ወር ሕፃን ነበረች። ባለቤቴ ሥራው ወረኢሉ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከሚኒባሱ ላይ ዕቃዬን አውርጄ በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሴት ወጡና አልጋዬንም ሳጥኔንም ሳያዩ፣

«ስንት ጀሪካን አለሽ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ይበቃል። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣ፤ ግን አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ድንች ያጠብኩበትን ውኃ ደጃፌ ላይ ደፋሁት። እትዬ ጦይባ ከጓሮ በኩል ድምፃቸው ቀድሟቸው መጣ። ድምፃቸው ሦስት ግቢ ያቋርጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ማን ምን እንዳጠፋ የሚያውቀው በእሳቸው በኩል ነው።

«ምን አረገሽ?»

«ማን?»

«ውኃው ነዋ።»

ከዚያ በኋላ የግቢውን ሕግ ተማርኩ። አትክልት የታጠበበት ውኃ ወለል ይወለወልበታል ወይም ለጎመን ይሄዳል። ልብስ የታለቀለቀበት የሽንት ቤቱን ወለል ያጥባል። ኦሞ የበዛበት ውኃ ጎመን አጠገብ አይደርስም፤ ለባሕር ዛፉ ነው። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ከአመድና ከእበት ጋር ጥግ ላይ ወዳለው ጉድጓድ ይገባል፤ ከስድስት ወር በኋላ ጥቁር አፈር ሆኖ ይወጣና ጌሾውና ጎመኑ ላይ ይበተናል። ባቄላና ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ እሳት ላይ አይጣድም። ድስት ካለ ክዳን አይቀመጥም። አንድ ቀን ክዳኑን ረስቼ ወጥ ስሠራ አይተው፣ «ሰማዩን ማሞቅሽ ነው?» አሉኝ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አፈር ላይ አይጣልም፤ የወተት ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ባዶ ክፍል ውስጥ አምፖል በርቶ ካዩ ደግሞ በሩን አንኳኩተው፣ «ማን አለ እዚህ?» ይላሉ። ማንም እንደሌለ እያወቁ ነው።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ አካባቢ ብክለት ማስታወሻ እሰጣለሁ፣ ጥያቄ አወጣለሁ። እንዲህ እንደ ሕፃን በየሰዓቱ መታረሙ ግን አቃጠለኝ። ባለቤቴ ሲመጣ፣ «እዚህ ቤት አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው» እያልኩ አማርር ነበር።

የሚገርመው፣ ሲቆጡ እንጂ ሲሰጡ ድምፃቸው አይሰማም። ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ግንባሯ ሰፊ። ሶስና ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስትጀምር፣ ጧት ጧት ደጃፌ ላይ ክዳን የተገጠመባት ትንሽ ጆግ ወተት ተቀምጣ አገኛለሁ። ያስቀመጡት መቼ እንደሆነ አላይም። ላመሰግናቸው ስሄድ፣ «ጆጉን አምጪው» ብቻ ነው መልሳቸው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሳህን ይሁን ባልዲ፣ ከመድፋታቸው በፊት ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ውስጡን ያዩታል። ችኮላ የለም። አይተው፣ አስበው፣ ከዚያ ይደፉታል ወይም ይተዉታል። አንድ ከሰዓት ጌሾ እየለቀምን ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው።

«ጅዳ አሥራ ሦስት ዓመት ሠራሁ» አሉኝ። «ሰው ሲጠይቀኝ ምግብ አብሳይ ነበርኩ እላለሁ። ሀቂቃውን ከጠየቅሽኝ የኔ ሥራ መጣል ነበር። ሰባት ልጅ ያለበት ቤት ነው። ሩዙ በትሪ ይመጣል፣ ግማሹ ሳይነካ ይነሳል፣ እኔ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። ሥጋው፣ ዳቦው፣ አንዴ የተለበሰ ልብስ ሳይቀር። መጀመሪያው ዓመት እናቴን እያሰብኩ አለቀስኩ። ሁለተኛው ዓመት ለመድኩት።»

ጥቂት ቅጠል ለቀሙ።

«ሦስተኛው ዓመት ላይ ሳላይ መጣል ጀመርኩ። ትሪው ላይ ምን እንዳለ ሳላይ። ያስፈራኝ እሱ ነው።»

ይህን ሰምቼ ልቤ ራራላቸው። ግን ርኅራኄዬ ብዙ አልቆየም፤ በማግስቱ የቆሻሻ ባልዲዬን ከፍተው ሲያዩ አገኘኋቸው። «ይሄ ፌስታል ገና አዲስ ነው፤ ታጥቦ ይሠራል። ደግሞ ምግብ አስረሽ ነው የምትጥይው?» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ሦስት ግቢ እየሰማ። የጎረቤቷ ልጅ አጥር ላይ ሆና ሳቀች። የዚያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ቆሻሻዬን ከእንግዲህ አያዩትም።

ከግቢው አጥር ጀርባ ጥልቅ ቦረቦር አለ። ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል፤ በበጋ ደረቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የማይፈልገውን ወደዚያ ይወረውራል፤ እኔም የሰፈሩ ሰው ሆንኩ። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ የተረፈውን ምግብ በፌስታል ቋጥሬ፣ በሽንት ቤቱ ኋላ ዞሬ፣ በአጥሩ ላይ እወረውራለሁ። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ሶስና ታማ ሳልተኛ ያደርኩ ቀን፣ ፈተና የደረሰብኝ ቀን፣ ቀስ በቀስም ምንም ያልሆንኩ ቀን እንዲሁ አደርግ ነበር። ከወረወርኳቸው ውስጥ አንዱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ባለቤቴ ከደሴ ለሶስና ልብስ የገዛበት ቢጫ ፌስታል ነው፤ ቀያይ አበባ ታትሞበታል። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። ሽሮ የተረፈበት እንጀራ ቋጥሬበት ጣልኩት።

በሁለተኛው ዓመት በጋው ጠና። ሣር ጠፋ። ከብቱ ሁሉ ቦረቦሩ ውስጥ እየወረደ ይውል ጀመር፣ ቡሬም አብራ። ጨው የነካውን ከብት ያሸተዋል። ፌስታሉን ፈትቶ እንጀራውን ብቻ የሚበላበት እጅ ግን የለውም።

መጀመሪያ የጆጓ ወተት ጎደለ። ከዚያ ቡሬ ማመስኳት አቆመች። ሆዷ በግራ በኩል ተነፍቶ ጀርባዋ ሾለ። እትዬ ጦይባ ተልባ አጠጧት፣ ሆዷን አሹላት፣ ዱኣ አደረጉላት። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጣ። ወጣት ልጅ ነው፤ ጎኗን በጡጫው ተጭኖ ቆየና፣

«የት ነው የምትውለው?» አለ።

እትዬ ጦይባ በእጃቸው ወደ አጥሩ ጀርባ አመለከቱ።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ሆዷ ውስጥ የማይፈጭ ነገር ሞልቷል። በመድኃኒት አይወጣም፤ ቀዶ ጥገና ደግሞ እዚህ አንሠራም። ባትሠቃይ ይሻላል፣ እማማ።»

ጋሽ ሙሄና ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ቢስሚላህ ብለው አረዷት። እኔ ሶስናን ታቅፌ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ሆዷን ሲከፍቱት የወጣው ነገር ጆንያ የሚሞላ ነው፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፌስታል፣ የሚስማር ቁራጭና የናይለን ሲባጎ ተቀላቅሎበት። ወንዶቹ ወደ ቦረቦሩ ሊጥሉት ሲያነሱ እትዬ ጦይባ፣ «አስቀምጡልኝ» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ያን ያህል ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ውኃ አመጡ። ለሳምንት የቀዳነውን፣ ንጹሑን። ሁለት ጀሪካን ሙሉ ደፍተው እያንዳንዱን ፌስታል እየፈቱ አጠቡት። ላግዝዎት ብዬ ጠጋ ስል፣ «ልጅሽን ያዥ» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሶስና ወተት ፈልጋ ታለቅስ ነበር።

እሑድ የቅሬ ስብሰባ ነበር። ጋሽ ሙሄ የታመሙትንና የሚጠየቁትን ሰዎች ዘርዝረው ሲጨርሱ እትዬ ጦይባ ጆንያ ተሸክመው ወደ መሃል ገቡና መሬት ላይ ዘረገፉት። ታጥቦ የደረቀ ፌስታል ነው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። አንዳንዱ ላይ አሁንም የሳሙናና የፓስታ ጽሑፍ ይነበባል። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። አንድ ሱቅ ያለው ሰው፣ «እትዬ ጦይባ፣ ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

«የቡሬ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» አሉት።

ማንም አልሳቀም።

«ማን ጣለው ብዬ አልጠይቅም» ብለው ቀጠሉ። «ብጠይቅ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።» ጎንበስ ብለው ከክምሩ ውስጥ የተቀዳደደ ላስቲክ መዘዙ፤ የዐረብኛ ጽሑፍ አለበት። «ይሄ ተምር የመጣበት ነው። እህቴ ለረመዳን ከጅዳ የላከችልኝ። በዚህ ሰፈር ከኔ በቀር ይሄን የተምር ዓይነት ያገኘ የለም። ከዚያ አገር በመጣሁበት ዓመት መሆን አለበት። ያኔ ሳላይ ነበር የምጥል። ላሜን ካረዷት አንዱ ይሄ ነው።»

ላስቲኩን ያነሱበት ቦታ ላይ፣ ከሥሩ፣ ቢጫው ፌስታል ተገልጦ ነበር። ቀያዮቹ አበቦች ደብዝዘዋል እንጂ አልጠፉም። እትዬ ጦይባ አዩት። ከዚያ የተምሩን ላስቲክ መልሰው በላዩ ላይ አስቀመጡት።

ጋሽ ሙሄ፣ «እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉ። ሰው ተነሳ። አንዳንዱ፣ «ሴትዮዋ ጨነቃት፣ ላሟ እኮ ናት» አለ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ።

ሦስት ቀን በጓሮ አልዞርኩም። ቆሻሻዬን ባልዲ ውስጥ አጠራቀምኩ። ትምህርት ቤት ስሄድና ስመለስ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፈው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት እትዬ ጦይባ ልብስ እያለቀለቁ ሳለ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

ቀሚሱን ጨምቀው ገመዱ ላይ አሰጡት። «ስለ ቢጫው ነው?»

«ያውቁ ነበር?»

«ሳጥበው ነው ያየሁት። የልጅሽ ልብስ የመጣበት ቀን አሳይተሽኝ የለ።»

«አንድ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥያለሁ።»

«አንድ ፌስታል ላም አይገድል፣ እመቤት። የኔም አለበት፣ የሰፈሩም አለበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልተቆጡኝም?»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቦታ ለቀው እንድቀመጥ አመለከቱኝ።

«ሦስት ቀን ይሄንኑ ነው ሳስብ የነበረው» አሉ። «በተቆጣሁሽ ጊዜ ነው እኮ የደበቅሽው። ባልዲሽን ከፍቼ ሰው እየሰማ ባላዋርድሽ ኖሮ በበሩ ታወጪው ነበር። ጅዳ አሠሪዬ የምትጮህብኝ ጊዜ እኔም እደብቅ ነበር። የሰበርኩትን ብርጭቆ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ፣ ከታች አርጌ። ይሄን እያወቅሁ መጥቼ እዚህ እሷን ሆንኩ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ ትከሻቸውን ትከሻዬ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ ብቻ።

«አፉ ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ።»

«በይ፣ ባልዲሽን አምጪው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሸተተን።»

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። ቦረቦሩ በአንዴ አልጸዳም፤ ጋሽ ሙሄ ሁለት ጊዜ ሰው አስወጥተው አጸዱት፣ ሁለቴም ተመልሶ ሞላ። በሦስተኛው ነው ትንሽ የዘገየው። እኔ ክፍል ውስጥ ማስታወሻ ማስጻፍ ትቼ ተማሪዎቼን አጥሩ ጀርባ ወስጄ ያዩትን እንዲጽፉ አደረግኋቸው። አንዲት ልጅ፣ «የኛንም ቤት ፌስታል አገኘሁት» ብላ ጻፈች።

የተለወጡት እትዬ ጦይባ ናቸው። ቁጣቸውን እንደ ያረጀ ልብስ አውልቀው አስቀመጡት ማለት አይደለም፤ ሲመጣባቸው አየው ነበር። አፋቸው ይከፈታል፣ ከዚያ ይገጥሙትና ዝም ብለው መሥራት ይጀምራሉ። አዲስ ተጋቢ ጎረቤታችን የልብስ ውኃ መንገድ ላይ ስትደፋ አዩ። ሄዱ፣ የሚቀጥለውን ባልዲ ከእጇ ተቀብለው፣ «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ይዘዋት ወደ ባሕር ዛፉ ዞሩ። ከስኳርና ከዱቄት ጆንያ ማንገቻ ያለው ዘንቢል በእጃቸው መስፋት ጀመሩ። ለማንም «ያዥ» ብለው አይሰጡም። ገበያ ሲሄዱ ሁለት ይይዛሉ፤ ዕቃ በፌስታል የያዘች የሚያውቋት ሴት ካገኙ፣ «ይሄ ይቀልሻል» ብለው አንዱን ያውሷታል። መልሺ አይሉም። ያ ሱቅ ያለው ሰው መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ የዱቄት ባዶ ጆንያውን እሱ ራሱ ይልክላቸው ጀመር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ላም ግን ለረጅም ጊዜ አልገዙም። እህታቸው ከጅዳ ልላክልሽ ስትል፣ «የምትውልበት ቦታ ሳይኖር?» ይሏታል። ወተቱ ከቀረ በኋላ ለሶስና የገብስ አጥሚት ሠርተው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ክዳን ገጥመው፣ መቼ እንዳስቀመጡት ሳላይ።

ወደ ደሴ ስዛወር ዕቃዬን ጫንኩና ልሰናበታቸው ገባሁ። ስለ ምንም ነገር አላወራንም። ሶስናን ሳሟት፤ እኔን እጄን ይዘው፣ «ደሴ ውኃ አለ ይላሉ፤ ኖረም አልኖረ» አሉኝና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው የምንገናኘው። በመጨረሻው ጊዜ ደረታቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ አልኩ፤ «ኢንሻአላህ» አሉ። ቶሎ ልምጣ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሄድኩ። ጋሽ ሙሄ ደጅ ላይ ተቀበሉኝ። ግቢው ውስጥ ሰው ብዙ ነበር፤ የሰደቃው ምግብ እየተነሳ ነው። እኔ እኖርበት ከነበረው ክፍል አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ወጣች። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዓይኗ አብጧል። እኔ ማን እንደሆንኩ ስነግራት፣ «እርስዎ ነዎት እመቤት?» አለችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ብዙ ነገር አስተምረውኛል» አለችኝ። «አንድም ቀን ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። እንዲህ ለስላሳ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«መጀመሪያ እንኳ እንዲህ አልነበሩም» አልኳት። «ድምፃቸው ሦስት ግቢ ነበር የሚያቋርጠው። እኔንማ ሰፈር እየሰማ ነበር የሚያርሙኝ።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ኀዘን ያደናገረው ሰው እንደሚታለፍ በትህትና አለፈችኝ።

«ሌላ ሰው ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አልኳት። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተነጫነጨ፤ ተነስታ እሹሩሩ እያለች ወደ ጓሮ ወሰደችው።